ሃምሳ ቀን ወተት ያልቀመሰ ምላስ

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ “ብርድ እጠብቃለሁ” እላለሁ። ሰዎቹ ይስቃሉ። ድሬዳዋ ተወልጄ፣ በበጋ ሌሊት ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥተን እየተኛን ያደግሁ ሴት፣ ብርድ ልትጠብቅ ጎንደር መምጣቷ አንዳንዴ እኔንም ያስቀኛል። ከመጣሁ ሰባት ዓመቴ ነው። አሁንም ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አይታዘዙልኝም።

የምጠብቀው ብርድ ያለው በከተማው ዳር ባለች አንዲት ትንሽ የወተት ማቀነባበሪያ ውስጥ ነው። ጠዋት ከማክሰኝት በኩል በአይሱዙ፣ ከቅርብ ቅርቡ ደግሞ በባጃጅ ወተት ይመጣል። የታለበ ወተት ትኩስ ነው፤ ቶሎ ካልበረደ እኩለ ቀን ሳይሆን ይቆመጥጣል። ስለዚህ ስስ የብረት ሳሕኖች እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተደራርበው በተገጠሙበት ዕቃ ውስጥ እናሳልፈዋለን። በሳሕኑ በአንደኛው ፊት ወተቱ ይሄዳል፤ በሌላኛው ፊት ቀዝቃዛ ፈሳሽ ይመጣል። ሳይነካኩ ይተላለፋሉ፤ ወተቱ ግለቱን ለፈሳሹ ትቶ ያልፋል።

ፈሳሹ ግላይኮል የተቀላቀለበት ውኃ ነው። ውኃ ብቻውን ቢሆን ከዜሮ ሲወርድ ረግቶ ቧንቧ ያፈነዳል። ይሄ ግን ቢበርድ ቢበርድ መፍሰሱን አይተውም። ሌሊት መብራት ሲኖር በትልቁ ጋን እናበርደዋለን፤ ቀን መብራት ሲሄድ ያንን የተጠራቀመ ብርድ እንጠቀማለን፤ ፓምፑን ለማዞር ጣሪያው ላይ ያለው ሶላር ይበቃል። እኔ ከመምጣቴ በፊት መብራት በጠፋ ቁጥር በናፍጣ የሚሠራ ጄኔሬተር ያጓራ ነበር አሉ። የጎረቤት ሴቶች ነጠላ አጥበው ማስጣት አይችሉም ነበር። የጥቀርሻው ጥቁር ምልክት ዛሬም በግንቡ ላይ አለ።

ግላይኮል ግን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። የእኛው ለምግብ ማምረቻ የተፈቀደው ነው። ሐኪም በሚያዘው ሽሮፕ ውስጥም ይገባል። ጠብታው መሬት ላይ ቢወድቅ አፈሩ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ነፍሳት በጥቂት ቀን በልተው ይጨርሱታል። ወንዝ ውስጥ በብዛት ቢደፋ ግን ሲበሰብስ የዓሣውን ትንፋሽ ይሻማል፤ ስለዚህ አንደፋውም፤ ሲያረጅ አጣርተን፣ ዝገት የሚከላከለውን መድኃኒት ጨምረን መልሰን እንጠቀምበታለን። ሁለተኛው ዓይነት የማኪና ራዲያተር ውስጥ የሚገባው ነው። እሱም አይረጋም፣ እሱም ይጣፍጣል፤ ግን ኩላሊት የሚገድል መርዝ ነው። ይህን በትምህርት ቤት ደብተሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌው ነበር። ለሌላ ሰው ግን አልነገርኩም። ጠንቃቃ ነኝ እላለሁ፤ ጥንቃቄዬን ግን ለራሴ ብቻ ነበር የያዝኩት።

ማሽኑን ከእኔ ጋር የሚጠብቁ አንድ መካኒክ አሉ፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ እጃቸው ብልህ የሆነ፣ ምላሳቸው የማያርፍ የደባርቅ መንገድ ሰው። ሁሉም “አያ” ይላቸዋል። እሳቸው እኔን “ድሬዋ” ይሉኛል፤ ፈሳሹን ደግሞ “ጠበልሽ”።

“ጠበልሽ ጎደለች፣ ድሬዋ።”

“በጠበል አይቀለድም፣ አያ።”

“እኔ መች ቀለድሁ? ብታጠምቂኝ ብርድ ይለቀኝ ይሆናል ብዬ ነው።”

ጠዋት ጠዋት የበረደው ወተት ከመውጣቱ በፊት የምፈትነው እኔ ነኝ። ክብደቱን በመለኪያ አያለሁ፣ አለመቆምጠጡን በአልኮል እፈትናለሁ፣ መጨረሻ ላይ ከወተቱ ጋን በማንኪያ ቀድቼ እቀምሳለሁ፤ አፌ ውስጥ አዙሬ እተፋና እጉመጠመጣለሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን መቅመሱን እተወዋለሁ። ተይ ያለኝ የለም፤ ለምን ተውሽ ያለኝም የለም። ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁላችንም ጿሚዎች ነን። ጾመኛ ሴት ወጥ ስትሠራ ጨውን አትቀምስም፤ እጇ ይመዝናል፣ አፍንጫዋ ይፈርዳል። እኔም ወተቱን እንደዚያው አሸትተዋለሁ። የቀዳሁት ማንኪያ እንዳይባክን ለድመቷ እሰጣለሁ። ድመቷ የማንም አልነበረችም፤ የፓምፑ ሞተር ስለሚሞቅ ከጀርባው ባለች ጆንያ ላይ ትተኛ ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ብርድ የምትፈራ እኔና እሷ ብቻ ነበርን።

በጾም ወተት ገዢ የለውም። አብዛኛው ለፋሲካ ቅቤና አይብ ይሆናል፤ ጥቂቱ ሕፃን ላለባቸው፣ አራስና በሽተኛ ላለባቸው ቤቶች ይሄዳል። አንዲት ሊትር እኔ ራሴ ወደተከራየሁበት ግቢ ይዤ እገባለሁ።

አከራዮቼ አንድ ቄስና ባለቤታቸው ናቸው። ልጃቸው ዐረብ አገር ሄዳ የአራት ዓመት ሴት ልጇን ለእነሱ ትታለች። ደግ ሰዎች ናቸው። ማታ ማታ “ነይ እንጂ፣ ብቻሽን አትብዪ” ብለው ይጠሩኛል፤ “በልቻለሁ” እላቸዋለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ በልቻለሁ አልኳቸው። የሰው ማዕድ ላይ ተቀምጬ የራሴን ቤት ማሰቡ ብቻዬን ከመብላት ይብስብኝ ነበር።

ልጅቱ ግን በሬን ሳታንኳኳ ትገባለች። ስሜን አትጠራም፤ “እትዬ ወተት” ነው የምትለኝ። ወተት ያለ ስኳር አይወርድላትም። “እማ” የምትላቸው ሴት አያቷ “ጥርስሽን ይበላሻል” ብለው ስኳሩን ስለሸሸጉባት፣ ማታ ማታ በብርጭቆዋ ወተቷን ይዛ በሬ ላይ ትቆማለች።

“ስኳር።”

“ስኳር ምን?”

“ስኳር ስጪኝ፣ እባክሽ፣ እትዬ ወተት። ለእማ አትንገሪ።”

አንድ ማንኪያ አደርግላታለሁ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን እያወዛወዘች ትጠጣለች። ቀኑን ሙሉ የማወራው ከመለኪያና ከቧንቧ ጋር ነበርና ያቺ ማንኪያ ስኳር ለእኔ ትልቅ ነገር ነበረች።

ከአምናው ጾም እኩሌታ በኋላ መምጣቷን ተወች። አንድ ማታ፣ ሁለት ማታ፣ ሳምንት። ግቢ ውስጥ ሳገኛት “ምነው ቀረሽ?” አልኳት።

“ስኳር አልፈልግም። ወተቷ ራሷ ትጣፍጣለች።”

ተከፋሁ እንጂ አልጠረጠርኩም። ለአራት ዓመት ልጅ ማኩረፍ ያሳፍራል፤ እኔ ግን አኮረፍኩ። ስኳሩን ከጠረጴዛው አንሥቼ ሣጥን ውስጥ አስገባሁት።

በዚያው ሰሞን ፈሳሹም ይጎድል ነበር። በፈሳሹ ጋን ጎን ከፍታውን የሚያሳይ የመስታወት ቱቦ አለ። በእስክሪብቶ ምልክት አደርጋለሁ፤ በሳምንቱ አንድ ጣት ያህል ወርዶ አገኘዋለሁ፤ ከሰማያዊው በርሜል ቀድቼ እሞላለሁ። የት እንደሚሄድ መጠየቅ ነበረብኝ። እየሞሉ መኖር ይለመዳል። ሆሳዕና ሲቃረብ በርሜሉ አለቀ። ሌላ አዝዘን ነበር፤ መንገድ ላይ ነው አሉን።

ሕማማት ገባ። እስከ አራት ሰዓት ሠርቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ፈቃድ ጠየቅሁ። ሰኞ ጠዋት ድመቷ ስትንገዳገድ አየኋት፤ እንደ ሰካራም ግድግዳ እየተደገፈች ሄደች። ከአያ ጋር ተያይተን ሳቅን። “ሕማማት መሆኑን አልሰማችም” አሉ። ረቡዕ ጠዋት ስገባ ጆንያዋ ባዶ ነበር።

“ያች ድመትሽ ሞተች” አሉኝ። “አጥሩ ሥር ቀበርኋት። አርጅታ ነበር መሰል።”

መለኪያዎቹን አየሁ። የመስታወት ቱቦው ሙሉ ነበር፤ ከፍታውን እንጂ ቀለሙን ልብ አላልኩም። አንድ ሰው ረድቶኛል፣ እግዜር ይስጠው ብዬ ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።

በሕማማት ሰላም አይባባሉም፣ መስቀል አይሳለሙም። ያ ሳምንት ለእኔ ዓይነቱ እንግዳ ይቀላል፤ ሁሉም ሰው እንደ እኔ ዝም ይላል። የስድስት ሰዓቱ ስግደት ላይ ነበርኩ። ግንባሬ መሬት እንደነካ ሰማያዊው በርሜል ታወሰኝ። ባዶ ነው። ራሴ ነኝ ገልብጬ ያጠብኩት። ታዲያ ቱቦውን ምን ሞላው?

ከዚያ በኋላ ሐሳቡ አንዱ አንዱን እየጎተተ መጣ። የሚጎድለው ፈሳሽ የት ነበር የሚሄደው? ድመቷ ጠዋት ጠዋት የምትልሰው ከማን ማንኪያ ነው? ልጅቱ ማታ የምትጠጣውስ ከየት ነው? ወተቷ ራሷ ትጣፍጣለች። ሃምሳ ቀን ሙሉ ያንን ወተት የቀመሰ ትልቅ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። ምላስ ያላት ልጅቱ ብቻ ነበረች፤ እሷም ነግራኝ ነበር።

ተነሥቼ ወጣሁ። ሰው ሲሰግድ መሐል ለመሐል ማለፍ ነውር ነው፤ አንዲት ሴትዮ የቀሚሴን ጫፍ ይዛ “ምነው አንቺ?” አለችኝ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ለቄሱ ባለቤት ደወልኩ።

“እትዬ፣ ለልጅቱ ወተት ሰጥተዋታል ዛሬ?”

“ኸረ ገና። ምነው? ምነው ድምፅሽ?”

“እንዳይሰጧት። የተረፈም ካለ ለማንም እንዳይሰጡ። ልጅቱ ምን ትሆናለች? ትጫወታለች?”

“ዶሮ ታባርራለች። ምንድን ነው እሱ?”

“ካስመለሳት፣ ወይም ከተንገዳገደች፣ እኔን ሳይጠብቁ ሐኪም ቤት ይውሰዷት።”

ድምፃቸው ተለወጠ። “አንቺ ሰው፣ ልጄን ምን አጠጣሻት?”

“እሱን ለማወቅ ነው የምሄደው” አልኩ።

ስደርስ አያ በማቀነባበሪያው በር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

“አያ፣ ጋኑን ምን ሞሉበት?”

“ኩላንት ነዋ። ፒያሳ ወርጄ ገዛሁ፣ ሸጋ ዓይነት ነው። የሆሳዕና ዕለት ጠበልሽ አልቃ ማሽኑ ሲጮህ ቆሜ ልየው?”

“አረንጓዴውን?”

“አረንጓዴውን። ምነው፣ ቀለሙ ጾም ያስገድፋል?”

“የማኪናው መርዝ ነው፣ አያ።”

“ምን መርዝ! ጀርባው ላይ ግላይኮል ይላል። ያንቺም በርሜል ግላይኮል ይላል። ፊደሉን አንድ በአንድ አስተያይቼ ነው የገዛሁት።” ይህን ሲሉ ፊቴን አዩ፤ ቆባቸውን አወለቁ። “ወተቱ ውስጥ ይገባል እንዴ?”

“ሳሕኑ ተሰንጥቆ ከሆነ ይገባል።”

የዕለቱ ወተት እንዳይወጣ አስቆምኩ። በመለኪያ አየሁት፤ ደህና ይላል። ግን የዚያ ውሕድ ክብደት ከወተት ክብደት ጋር ስለሚቀራረብ መለኪያው እንደማይለየው አውቃለሁ። አሸተትኩት፤ ወተት ወተት ይሸታል። የቀረኝ ምላሴ ነበር።

ማንኪያውን ስቀዳ አያ “ኸረ አንቺ! ሕማማት ነው!” ብለው ጮኹ። መርዝ ነው እያልኳቸው እሳቸውን ያስደነገጣቸው ጾሙ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ በገዛ ፈቃዴ ጾም ገድፌ አላውቅም። ድሬ እያለሁ በወባ ተይዤ እንኳ እናቴ በግድ ነበር ያስበላችኝ። አማተብኩና አፌ ውስጥ ከተትኩት።

ጣፈጠ። እንዴት እንደጣፈጠ ልነግራችሁ አልችልም። እንባዬ መጣ። ተፋሁት፤ ተጉመጠመጥኩ። እንደገና ቀዳሁ፤ እንደገና ጣፈጠኝ። ያን ጊዜ ነው ምን እንደሆነ የገባኝ። ሃምሳ ቀን ወተት ያልነካው ምላስ ወተት ሁሉ ይጣፍጠዋል። ምስክር አድርጌ ያቀረብኩት ምላሴ ጾሙን ገድፎ ምንም ሊነግረኝ አልቻለም።

በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። አያ አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

“ድሬዋ፣ ወተት ቀለም ይሸሽጋል። ውኃ ግን አይሸሽግም።”

ገባኝ። የወተቱን መስመር አራግፈን አጠብን። ንጹሕ ውኃ ሞልተን ግራና ቀኙን ዘጋን። በሳሕኑ በሌላው ፊት አረንጓዴውን ፈሳሽ በሙሉ ግፊት ለቀቅነው። ቀዳዳ ካለ ውኃው ይናገራል። ሁለት ሰዓት ጠበቅን። አያ አልቀለዱም፤ እኔ ውዳሴ ማርያም ጀምሬ እየጠፋኝ እንደገና እጀምራለሁ። በመሐል ስልክ ደወልኩ። “ትጫወታለች” አሉኝ እትዬ፣ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ።

ውኃውን በነጭ ሳፋ ቀዳነውና ፀሐይ ላይ አወጣነው። አያ በዚህ በኩል፣ እኔ በዚያ በኩል አጎንብሰን አየን። የሳፋው ግርጌ የተላጠችው ነጥብ ሳትቀር ትታያለች። አረንጓዴ የሚባል አልነበረም።

“ንጹሕ ነው” አሉ።

“እንደገና” አልኩ። እንደገና አደረግነው። እንደገና ንጹሕ ነበር።

ፈሳሹ ወተት ውስጥ ካልገባ ሌላ ቦታ ሄዷል። ፓምፑ ጋ በባትሪ ፈለግን። ያገኙት አያ ናቸው። በሞተሩ ጀርባ የቧንቧው ማሰሪያ ላልቶ፣ አረንጓዴ እርጥበት ግድግዳውን ይዞ ወርዶ፣ የድመቷ ጆንያ ሥር ትንሽ ኩሬ ሠርቷል። ለሳምንታት የእኛው ንጹሕ ፈሳሽ ሲንጠባጠብ አፈሩ ጠጥቶት ዱካው ጠፍቷል፤ ድመቷም ልሳው ከሆነ አልጎዳትም። ከሆሳዕና ወዲህ ግን የላሰችው ሌላ ነበር።

“እኔ ነኝ የገደልኋት” አሉ አያ።

“ሁለታችን ነን” አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

ማታ ስገባ የቄሱ ባለቤት ልጅቱን አዝለው በር ላይ ቆመው ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ምንም አላስቀረሁም። መጨረሻ ላይ ልጅቱ ወተቱ ጣፈጠኝ ስላለች እንደደነገጥኩ ስናገር ፊታቸውን አዞሩ።

“ማር ነው” አሉ። “እኔ ነኝ የማደርግባት። በየማታው እየሄደች ከእንግዳ ስኳር ስትለምን አፈርሁ። ስታይ ደግሞ ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች ብዬ ተደብቄ አደርግላታለሁ።”

ከእንግዳ። ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ያቺ ቃል ግን ሌሊቱን አልጋዬ ላይ አብራኝ ተኛች።

በሕማማት ቄስ አይፈታም። የገደፍኩትን ይዤ እስከ ስቅለት ማታ መቆየት ነበረብኝ። ዓርብ ስግደቱ ካበቃ በኋላ ሰው ሁሉ በየቄሱ ፊት ይሰለፋል፤ ያጠፋውን ይናገራል፤ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ቸብ ቸብ ይደረግና የሚሰግደው ይታዘዝለታል። ተራዬ ሲደርስ ቀና ብል፣ ወይራውን የያዙት የእኔው አከራይ ናቸው።

“ወተት ቀመስኩ፣ አባ።”

“ሰምቻለሁ። ዋጥሽው?”

“ተፋሁት።”

“ብትተፊውም ቀምሰሻል።” ወይራውን ሳያነሡ ቆዩ። “የንስሓ አባትሽ ማን ናቸው?”

“ድሬ ናቸው።”

“እስከ ዛሬ? ከኔ ደጅ አምስት እርምጃ ላይ እያደርሽ ድሬ ትናዘዣለሽ?”

ከኋላዬ ያሉት ሰሙ። አንገቴን ደፋሁ። ወይራው ጀርባዬን ነካኝ። “አርባ አንድ ስገጂ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ድሬ ደውለሽ አስፈቅጂና ነይ።”

ከፋሲካ በኋላ መጀመሪያ ያደረግነው ማጽዳት ነው። አረንጓዴውን በጀሪካን ቀድተን አሸግን፤ መርዝ መሆኑን በአማርኛ በትልቁ ጻፍኩበት። ጆንያው ሥር የነበረውን አፈር ቆፍረን ለብቻው አስቀመጥን፤ ወደ ወንዙ አንዲት ጠብታ አልለቀቅንም። ቧንቧውን ደጋግመን አጠብነው። ሰማያዊው በርሜል ሲደርስ አያ ሞሉ፤ እኔ ምልክቱን አሰመርኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጠበል ብለው አያውቁም።

ወደ ድሬ መደወሉን አንድ ወር አዘገየሁት። በመጨረሻ አንድ እሑድ ደወልኩ። የንስሓ አባቴ አርጅተዋል፤ ስልኩን የልጅ ልጃቸው ነው ጆሯቸው ላይ የያዘላቸው።

“አቤት፣ የትኛዋ ነሽ?”

ነገርኳቸው። የአባቴን ስም ጠራሁ። ሰፈሩን ነገርኳቸው፣ የአጥቢያውን ቤተ ክርስቲያን፣ በልጅነቴ ግቢውን እጠርግ እንደነበር።

“እህ” አሉ። “ብዙ ናቸው የሄዱት ልጆቼ። እዚያ ያሉትን ያዢ፣ ልጄ። እግዚአብሔር ይፍታሽ።” ያስታወሱኝ አልመሰለኝም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮዬ ላይ ይዤው ቆየሁ።

አዲሱ አባቴ ለሚቀጥለው ጾም እንዲህ ወሰኑልኝ፦ በየጠዋቱ ልቅመስ፤ ልትፋ፤ ልጉመጥመጥ። በዚያ ፈንታ ሰው ሁሉ በዘጠኝ ሰዓት ሲበላ እኔ እስከ ዐሥራ ሁለት ልቆይ። ዘንድሮ እንደዚያ ጾምኩ። ማታ ማታ መጥራታቸውም፣ የእኔ “በልቻለሁ” ማለትም ቀረ፤ እነሱ ቀድመው በልተዋልና የምበላው ብቻዬን ነው። ልጅቱ አልፎ አልፎ ብርጭቆዋን ይዛ ትመጣለች። ማሩን ስላወቀች ስኳር አትጠይቅም።

“ዛሬ ቀመስሻት?” ትለኛለች።

“ቀመስኳት።”

“እንዴት ናት?”

“ደህና ናት። ጠጪ።”

የዘንድሮ ፋሲካ ጠዋት ቄሱ ቤት ማዕድ ላይ ተቀመጥኩ። የማቀነባበሪያችን ወተት ተቀዳ። እትዬ አንድ ጊዜ ጎንጨት አድርገው ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ ቄሱ “ተመስገን፣ ምንኛ ይጣፍጣል!” አሉ። እኔም ጠጣሁ። ወተት ነበር፤ በየጠዋቱ የማውቀው፣ ትክክለኛው፣ ምንም ያልጎደለውና ምንም ያልተጨመረበት። እንደዚያ ረቡዕ ግን አልጣፈጠኝም። ምላሴ ሥራ ላይ ነው የከረመው።

“እንዴት ነው?” አሉኝ።

“ደህና ነው” አልኳቸው።